እርከን ሜሪላንድ ድረስ ተከተለኝ

በዚህ አገር ዝናብ ይከፈልበታል። ቀልዴን አይደለም። ለልጄ በየዓመቱ በሚመጣላት የቤት ግብር ወረቀት ላይ፣ ከቆሻሻ ማንሻው ጋር ተሰልፎ፣ «የውሃ ጥራት መጠበቂያ» የሚባል ክፍያ አለ። አስከፋዩ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። በምን ተሰልቶ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በጣራው ስፋት፣ በመኪና መግቢያው ስፋት፣ በጓሮው ንጣፍ ስፋት፤ ባጭሩ ዝናብ አርፎበት ወደ መሬት በማይሰርግበት ነገር ሁሉ ስፋት። ማን ገብቶ ለካው? ማንም አልገባም፤ ከሰማይ ፎቶ አንስተውት ነው። እኔ ከሰማይ ቁልቁል የሚያየኝ አንድዬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወሎ እያለን ዝናብ ሲጠፋ ምህላ እንይዛለን፣ ሲበዛም ምህላ እንይዛለን። ሰሚው ዘግይቶ ያውቃል፤ ሂሳብ ልኮልን ግን አያውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣ ሽማግሌዎች አለን። ይኸን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የነዳው ወዳጄ ጠረጴዛውን ይመታል። «ጋሼ፣ እሱ እኮ የዝናብ ታክስ ነው! ገዥ የጣለ ታክስ ነው!» ይላል። አጋኖታል፤ ግን ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የሜሪላንድ ምክር ቤት ዘጠኝ ትላልቅ ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ የጎርፍ ክፍያ እንዲያስከፍሉ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ተቃዋሚዎቹ «የዝናብ ታክስ» የሚል ስም ለጠፉበት። ላሪ ሆጋን በ2014 ለገዥነት ሲወዳደር ይኸንኑ ስም አንግቦ ዞረ፣ አሸነፈም፤ በዓመቱ ግዴታው ተነሣ። ሞንትጎመሪ ግን ከሕጉ በፊትም ያስከፍል ስለነበር ከሕጉ በኋላም ቀጠለ። ስም በማውጣትስ እነሱም ከኛ አያንሱም።

ክፍያውን ልጄ ትክፈለው፣ ቤቱም የሷ ነው። የኔ በደል ሌላ ነው።

እኔ የእርከን ሰው ነኝ። በኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ደሴ ዙሪያ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ባጭሩ ሲነገር፣ ጠግቦ የማያድር ገበሬ ደጃፍ ሄዶ ዳገቱን ቆፍር ማለት ነው። እርከን፣ ጠለፋ ቦይ፣ የድንጋይ ክትር፣ ፋንያ ጁ፤ ያልተቆፈረ ነገር አልነበረም። ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈራል። ስንዴው ሲዘገይ ዶማው ወደኔ ይዞራል። ጎርፍ እርከኑን ሲሰብር የሚሰደበው እኔ ነኝ፤ እርከኑ ደለል ይዞ ማሽላው ሲያምር የሚመሰገነው እግዜር ነው። ደርግ ሲወድቅ በአንዳንድ ቦታ እርከኑም ዛፉም አብሮ ወደቀ፤ ያንንም በዓይኔ አየሁ። እና ጡረታ ወጥቼ ልጄ «አባዬ፣ በቃህ፣ እዚህ መጥተህ እረፍ» ስትለኝ ደስ ያለኝ ለሕንፃውም ለመኪናውም አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ዶማ የያዘ ሰው ከእንግዲህ አላይም ብዬ ነው።

ይኸው የልጅ ልጄ ዶማ ይዛ መጣች።

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት ያስፈልጋል። በበጎ ፈቃድ ነው፤ ግን ግዴታ ነው። ይኸን ነገር እኛ የፈለሰፍነው መስሎኝ ነበር! «ሕዝቡ በነቂስ፣ በገዛ ፈቃዱ ወጥቶ» እያልኩ ስንት ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ ከጀርባው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የቀረውን ሰው ስም እየመዘገበ። ልዩነቱ፣ እዚህ ስንዴ አይሰፈርም። ፒዛ ነው።

«አባባ፣ የጣራችን ውሃ ስላይጎን እየጎዳው ነው» አለችኝ።

«ስላይጎ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ጅረት ነው ለካ። ሁልጊዜ ጠዋት በእግሬ የምሄድበት፣ በሰንበት ለመኪና የሚዘጋው መንገድ ሥር የሚፈሰው። ስላይጎ ክሪክ ከዊተን አካባቢ ተነሥቶ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ መሀል 9 ማይል ያህል ይወርድና ሃያትስቪል ላይ ከሌላ ጅረት ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ አናኮስቲያ፣ ከዚያ ፖቶማክ፣ ከዚያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ። በደህናው ቀን ሕፃን ይሻገረዋል። አንድ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድበት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይመጣል፤ ዶፉ ሲያባራ ደግሞ የመጣበትን ረስቶ ይጎድላል። ግራና ቀኙ ተንዶ የዛፉ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ይኸን እኔ አውቀዋለሁ። ቦረቦር ነው። ዳሩ ላይ አግዳሚ ወንበርና የብስክሌት መንገድ ስለተሠራለት ቦረቦርነቱ አይቀርም።

ምክንያቱን ለኔ ማንም ሊያስረዳኝ አይገባም ነበር፤ ልጅቷ ግን ወረቀት ይዛ አስረዳችኝ። 1,500 ካሬ ጫማ የሆነ ጣራ፣ አንድ ኢንች ዝናብ ሲዘንብበት 930 ጋሎን ያህል ውሃ ያወርዳል። በኛ በርሜል ከ17 በርሜል በላይ ነው፣ ከአንድ ቤት፣ በአንድ ዝናብ። ጫካ ላይ ቢወርድ አብዛኛውን ቅጠሉና አፈሩ ያስቀረዋል። ጣራ ላይ የወረደው ግን በአሸንዳ ወደ መኪና መግቢያው፣ ከመግቢያው ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ መንገድ ዳር ባለው ጉድጓድ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው በቀጥታ ወደ ጅረቱ። በመሀል ማጣሪያ የለም። ብዙ ሐበሻ የመንገድ ዳሩ ጉድጓድ ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር አንድ ቦታ ሄዶ የሚጣራ ይመስለዋል፤ እኛ ሰፈር አይጣራም። የመኪናውን ዘይት፣ የውሻውን ኩስ፣ በበረዶ ጊዜ የተበተነውን ጨው ጠራርጎ ይገባል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ የጋለ አስፋልት ላይ ተንፈቅፍቆ ይገባል፤ ዓሣ ደግሞ የሞቀ ውሃ አይስማማውም። ነገሩን የሚያጠኑት ሰዎች፣ ከአንድ ተፋሰስ 10 በመቶው በጣራና በአስፋልት ሲሸፈን ጅረቱ መታመም ይጀምራል፣ 25 በመቶ ሲያልፍ ተስፋው ይመነምናል ይላሉ። ስላይጎ 25ን ካለፈ ቆየ።

እሺ፣ መፍትሔው ምን ሆነ? በልጄ ቤት ፊት ለፊት፣ በዚያ ባማረ ሳር ላይ፣ ጉድጓድ መቆፈር።

ሬይን ጋርደን ይሉታል። ቤዝመንት ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 10 ጫማ ይርቃል። ስድስት ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይቆፈራል፤ የአሸንዳው ጫፍ ወደዚያ ይዞራል፤ በታችኛው ወገን የአፈር ክትር ይደረግለታል፤ ሞልቶ ሲያልፍ የሚወጣበት መፍሰሻ ይበጅለታል። ውሃው እዚያ ተኝቶ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ቆሻሻውንም አፈሩና ሥሩ ያስቀሩታል።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ እርከን ነው» አልኳት።

«አይ አባባ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው።»

አዲስ! ጅማሬው እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ እዚሁ አጠገባችን ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ነው አሉ፤ አንድ ቤት ሠሪ ለጎርፉ አንድ ትልቅ ኩሬ ከመቆፈር ለየቤቱ ትንሽ ትንሽ ማስረጊያ ላድርግ ብሎ ካውንቲውን አማከረ፣ ተሳካለት። እግዜር ይስጠው። ግን ኮንሶዎች ድንጋይ ደርድረው ውሃን ዳገት ላይ ማስተኛት ከጀመሩ ከ400 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 መዝግቦላቸዋል። አንድ የኮንሶ ሽማግሌ ጠርተው ቢያማክሩ ኖሮ የአውሮፕላን ቲኬቱ ብቻ ነበር ወጪው።

ቁፋሮው ተጀመረ። መጀመሪያ አፈሩ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ለማየት አንድ ጉድጓድ ቆፍራ ውሃ ሞላችና ስልኳን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። አፈሩ ሸክላ ነው፤ ያውም ቤቱ ሲሠራ በማሽን የተረገጠ። ውሃው ቁልጭ ብሎ ያየናል፣ እኛም እናየዋለን። ልጄ ከበረንዳው «እንዴት ነው፣ ሰረገ?» ትላለች። «ቅኔ እየቆጠረ ነው» አልኳት። ያም ሆኖ በማግስቱ አልነበረም። አሸዋና ብስባሽ ተቀላቀለበት፣ ክትሩም ተደለደለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ የክትሩን ጫፍ በዓይኗ ለክታ «ልክ ነው» ብላ ልትዘጋው ነው። የሙያ ነገር ሆነብኝ። ከጋራዡ ሲባጎ አስመጣሁ፣ እኩል የሆኑ ሁለት ዱላዎች ቆረጥን፣ ሲባጎውን በሁለቱ ጫፍ አስረን መሀሉ ላይ ውሃ ልክ ሰቀልኩ። አንዱን ዱላ እሷ ያዘች፣ አንዱን እኔ። አረፋዋ ወደ ቤቱ በኩል ሸሸች። በጎረቤታችን በኩል ያለው ጥግ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል! ሁለት ጣት ማለት የጣራው ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ በዚያች ጥግ ይሰብራል ማለት ነው። እርከን መሀሉ ላይ አይፈርስም፤ ሰው «ትንሽ ናት፣ ትለፍ» ባላት ቦታ ነው የሚፈርሰው። አስሞላኋት፣ በእግሯ አስረገጥኳት፣ እንደገና ለካን፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ይኸን ማን አስተማረህ?»

«የገበሬ ስድብ» አልኳት።

ከዚያ ተክሉ መጣ። ጭቅጭቁም መጣ።

የኔ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ውሃ የሚጠጣ ለም መሬት ተገኝቷል፤ ስለዚህ ዳርና ዳሩን ጌሾ፣ መሀሉን ጎመን፣ ጥጉ ላይ ጤና አዳም። ሆኖም ካውንቲው ሬይንስኬፕስ በሚባል ፕሮግራሙ ከወጪው ከፊሉን ይመልሳል (በዝናብ የወሰደውን በጉድጓድ እየመለሰ መሆኑ ነው)፤ ገንዘቡን ከፈለጋችሁ ግን የሚተከለው ያገሬው ተክል ነው ይላል። ምልክዊድ የሚባል ለቢራቢሮ። ጆ ፓይ የሚባል ለንብ። ደግሞ የግዛቲቱ አበባ የሆነች፣ ከሩቅ አደይ አበባ መስላ ልብ የምትሰርቅ ቢጫ አበባ፤ ሲቀርቧት ሆዷ ጥቁር ነው። ቢራቢሮ የሚስተናገድበት ግቢ ለጠላ ቦታ አጣ።

ለጌሾው የተሟገትኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጎረቤታችን፣ በዕድሜ የኔ እኩያ የምትሆን ደግ አሜሪካዊት፣ ስሙን በሳይንስ አጠራሩ ፈልጋ አገኘችውና ፊቷ ተለወጠ። የጌሾ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ቁጥቋጦ ከአውሮፓ መጥቶ እዚህ አገር ጫካ ወርሮ በየክልሉ እየታደነ ነው አሉ። እሺ፣ ዘመዱ አጥፍቷል እንበል። የኔ ጌሾ ምን አደረገ? ማንን ወረረ? በዘመድ ኃጢአት መባረርን እኛ ስደተኞች ካልተቃወምነው ማን ሊቃወመው ነው?

የወባውን ነገርም ሳላነሳ አላለፍኩም። «ውሃ አቁራችሁ ትንኝ ልታረቡ ነው» አልኩ። ልጅቷ፣ ውሃው በአንድ በሁለት ቀን ሰርጎ ያልቃል፣ የትንኝ እጭ ደግሞ አድጎ ለመብረር ሳምንት ያህል ይፈልጋል አለችኝ። ወባን ለኔ! ስንት ኩሬ ሳስደፍን የኖርኩትን ሰው! ትክክል መሆኗ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ስለ ማዳበሪያው ግን ምንም ብትሉኝ አልጽናናም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማለት ገበሬውን ዳፕና ዩሪያ ውሰድ እያለ ሲለምን፣ ሲያስፈራራ፣ ሲምል ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ነው። አልወስድም ያለኝ ስንቱ ነው! እዚህ ስመጣ ሰዉ ሁሉ፣ ለሚበላው እህል ሳይሆን ለሚያጭደው ሳር፣ በፈቃዱ ማዳበሪያ ይበትናል። ደስ አለኝ፣ በመጨረሻ ሰው ገባው ብዬ። ለካ ሕግ አለ! የሜሪላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሳር ማዳበሪያን ተቆጣጥሮታል፤ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች 1 ሳር ላይ መበተን ክልክል ነው፣ ከባድ ዝናብ ሲተነበይም ክልክል ነው፣ ፎስፈረሱም በአብዛኛው ተነሥቷል። ጎርፉ ማዳበሪያውን ወደ ቼሳፒክ ይወስደዋል፣ እዚያ ዋቅላሚ ያረባል፣ ዋቅላሚው ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ይጨርሳል፣ ዓሣውና ሸርጣኑ ታፍኖ ያልቃል። የኔ ዳፕ፣ ገበሬ አልወስድም ብሎ ያለቀሰበት ዳፕ፣ እዚህ በወንጀል ይፈለጋል።

ጎረቤታችን ከስላይጎ ወዳጆች ማኅበር ናት። ዓመት በዓመት በጸደይና በመኸር ቦት ጫማ አድርገው ጅረቱ ውስጥ ገብተው ቆሻሻ ይለቅማሉ። አንድ ቀን ይዛኝ ሄደች። መረብ ዘርግታ ድንጋዩን በእግሯ ቀሰቀሰችና መረቡ ላይ የቀረውን በነጭ ሳህን ገልብጣ ትል መቁጠር ጀመረች። ጡረታ የወጣች ሴት፣ ልጆቿን ዳር ያደረሰች፣ ትል ትቆጥራለች! ለካ ትሉ ነው ምስክሩ። ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚችሉ ዘሮች አሉ፤ ቆሻሻም የሚችሉ አሉ። ሳህኑ ላይ የተገኙት ሁሉን ቻዮቹ ናቸው። አንድ በአንድ አሳየችኝና መልሳ ወደ ውሃው ለቀቀቻቸው። ለቢሮ ሪፖርት ከምንሞላው ቅጽ የበለጠ እውነት በዚያች ሳህን ላይ ነበር፤ ይኸን የምለው ቅጽ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፤ እስካሁን ያጉረመረምኩት ለማሟሟቅ ነው።

የተፋሰስ ሥራ አንድ ሕግ አለው፦ ከአናት ጀምር። ከተራራው ጫፍ ተነሥተህ ውሃውን ገና ጉልበት ሳያበጅ ያዝ፣ ከዚያ ወደ ወገቡ፣ ከዚያ ወደ እግሩ። ከታች ቦረቦሩ ላይ ክትር የሚሠራው መጨረሻ ነው። ላዩን ሳትይዝ ታቹን ብትገነባ የመጀመሪያው ክረምት ጋቢዮንህን ከነሽቦው ይዞት ይሄዳል። ይኸን ደሴ ዙሪያ ያለ እረኛ ያውቃል።

እዚህ ግን ምን ያደርጋሉ? ገንዘብ ያለው ሁሉ ከታች ይጀምራል። ጅረት ማደስ ብለው በካሚዮን ቋጥኝ ያመጣሉ፣ ኤክስካቫተሩ እንዲገባ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ ይቆርጣሉ፣ የጅረቱን ወለል ደልድለው ድንጋይ ደርድረው ቡቃያ ተክለው ይሄዳሉ። ሰፈርተኛው ደግሞ «ዛፋችንን!» እያለ ሰልፍ ይወጣል። ለምን ከታች? ነገሩ የፈቃድ ሂሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ መሠረት ካውንቲው ጎርፉን ወደ ወንዝ የሚለቀው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ይኸን ያህል ኤከር ጣራና አስፋልት መላ አብጅለት ይለዋል። የታደሰ ጅረት በርዝመቱ ተሰልቶ በኤከር ይታሰብለታል። የሺህ ሰው ግቢ በር አንኳኩቶ ጉድጓድ ከማስቆፈር አንድ ጅረት ማደስ ይቀላል፤ በወረቀት ላይ ግን እኩል ይወጣል። ላዩን ትቶ ውሃው ጉልበት ካበጀ በኋላ ታቹን ማባበል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸ ነው።

ኮታ ምን እንደሚያደርግ እኔ አልነገርም። እኛም በኪሎ ሜትር ነበር የምንለካው። አለቃ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከመኪና ሳይወርድ የሚታየው ዳገት ላይ ስንት እርከን ደርድረናል! ከጀርባው ያለው ዳገት ግን ባዶውን ነው።

ደግሞ እነሱ ራሳቸው በደንብ ሠርተው አሳይተዋል፤ ይኸ ነው የሚያበግነኝ። እዚሁ ስላይጎ ላይ፣ ዊተን ብራንች በሚባለው ገባሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ገደማ ጀምሮ የሆነውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ከላይ ጎርፉን የሚይዙ ኩሬዎች ተሠሩ። ከዚያ ከታች ያለው ጅረት ተጠገነ። ውሃው ጉልበቱ ከበረደ በኋላ ከሌላ ጅረት የመጡ ያገሬው ዓሦች ተለቀቁበት፣ ኖሩም። ላይ፣ ታች፣ ዓሣ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። በቅርቡም ዴኒስ አቬኑንና ስላይጎ ፓርክ ሂልስን በመሳሰሉ ሰፈሮች የመንገዱን ጠርዝ ቀድደው ጎርፉ ወደ ተተከለ ጉድጓድ እንዲገባ አድርገዋል። ሄጄ አየሁት። በዝናብ ቀን ዣንጥላ ይዤ ጠርዙ ላይ ቆሜ ውሃው እየታጠፈ ሲገባ ሳይ፣ አንድ ፖሊስ መኪናውን አቁሞ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ሽማግሌ ጉድጓድ ሲያይ እዚህ አገር ይጨነቃሉ።

ዋሽንግተን ከተማማ ጭራሽ ሌላ ነው። የከተማይቱ ሲሶ የሚሆነው አሮጌ ክፍል የዝናቡና የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ በአንድ ቱቦ የሚሄድበት ነው፤ ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ሞልቶ ሁለቱም ተያይዘው አናኮስቲያ ውስጥ ይገቡ ነበር። ምን አደረጉ? ከመሬት በታች ባቡር የሚያስገባ ዋሻ ቆፈሩ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ጀመረ፣ ሌላው በ2023። መቆፈሪያ ማሽኖቹን ደግሞ ክርስትና አስነሥተዋቸዋል፤ የመጀመሪያዋ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ባለቤት ስም ሌዲ በርድ ተባለች። በቢሊዮን ዶላር ነው የሚወራው። ወንዙ ተሽሎታል፣ አልክድም። ግን ያ ሁሉ ዋሻ የሚሸከመው እያንዳንዱ ጣራ መንገድ ላይ የሚወረውረውን ውሃ ጭምር መሆኑን አትርሱ።

እኛስ? አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ የወንዝ ዳር መናፈሻውን በቪዲዮ ይልክልኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሸገርን ማስዋብ ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ይለማል ተብሎ ነበር። መብራቱ ያምራል፣ ፏፏቴው ያምራል። እኔ የምጠይቀው ያንኑ የባለጌ ጥያቄዬን ነው፦ አናቱስ? ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ ይወርዳሉ፤ በመንገዳቸው ያለው ግቢ ሁሉ ታይልስ ወይም ኮንክሪት ሆኗል። የወንድሜ ልጅ ራሱ ባለፈው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር አንጥፎ «ጋሼ፣ ጭቃ ቀረ!» ብሎ ደወለልኝ። ጭቃው አልቀረም። ከሱ በታች ያለ ሰው ሳሎን ገብቷል። በአዲስ አበባም በሜሪላንድም በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ብዙ አይራራቅም፤ የኛው ግን አብዛኛው በሦስት በአራት ወር ተጠራቅሞ ስለሚወርድ ሥራው የኛ ይከብዳል።

የልጄ ቤት ጉድጓድ እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ሐምሌ ደህና ዶፍ ወርዶ ሞላ፣ በመፍሰሻው በኩል በሥርዓት ወጣ፣ ያች ሁለት ጣት የሞላናት ጥግ ንቅንቅ አላለችም። ልጅቷ ሰዓቷ ተመዘገበላት። የኔ አልተመዘገበም፤ ለሽማግሌ ቅጽ የለውም አሉ።

እንግዲህ ለአንባቢ የምለው ይኸ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቀበናም ሁን ደሴ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ዣንጥላ ይዘህ ውጣና አሸንዳህ ውሃውን የት እንደሚደፋው ተመልከት። አስፋልት ላይ ከሆነ ጫፉን ወደ አፈር አዙረው፤ አንድ ክርንና ሁለት ሜትር ቱቦ ነው የሚያስፈልገው። መኪና ማቆሚያህን ልታነጥፍ ከሆነ ግማሹን ለአፈሩ ተውለት። ክትር የምትሠራ ከሆነ በዓይንህ አትለካ፣ ውሃ ልክ ስቀል። የካውንቲው ሰዎችም ይኸን የሚያነብላቸው ሐበሻ ሠራተኛ አያጡምና ንገሩልኝ፦ ቋጥኙን ከመደርደራችሁ በፊት ከአናት ጀምሩ። የጌሾውን ጉዳይ ደግሞ አልተውኩትም፤ ይግባኝ የሚባልበትን ቢሮ የሚያውቅ ካለ አድራሻውን ያድርሰኝ።